ማን ቆጠረው? የድንቅነሽ ዕድሜ፣ የአፋር አመድና ሰማይ ላይ ያለችው ሞክሼዋ

የእህቴን ልጅ ይዤ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መጠየቅ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ምድር ቤት ወርደን ድንቅነሽ የተጋደመችበት መስታወት ፊት ቆምን። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ትንሽ አያትና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ማን ቆጠረው?»

«ሳይንቲስቶች ናቸዋ» አልኩ፣ ነገሩን ለመዝጋት።

«እንዴት አድርገው?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ስሟን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን እንኳ ሉሲ በሚለው ሌላው ስሟ ነው የሚጠራው። ዕድሜዋንም በቃላችን እንወጣዋለን። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ድንቅነሽና ሕፃኗ ሰላም ፕራግ ሄደው ለ60 ቀን ሲታዩ እንኳ ወሬው ሁሉ ስለ ጉዞው ነበር፣ ስለ ቁጥሩ ያነሳ ሰው አልገጠመኝም። ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። መልሱን ሳገኘው ደግሞ ጉዳዩ ከአፋር ተነስቶ ጁፒተር ድረስ ወሰደኝ። እስቲ ለልጁ እንደነገርኩት ልንገራችሁ።

መስታወቱ ውስጥ ያለችው እውነተኛዋ ናት?

አይደለችም። የምታዩት ቅጂ ነው። ከእውነተኛው አጥንት ላይ ቅርጽ ተወስዶ በጥንቃቄ የተሠራ። እውነተኛው ቅሪተ አካል ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ የሚወጣውም አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የተታለለ ይመስለዋል። ግን አስቡት፣ በየቀኑ መብራት ቢበራበት፣ በር ሲከፈትና ሲዘጋ እርጥበቱ ቢቀያየር፣ አንድ ቀን ደግሞ ሰው ደገፍ ቢል፣ ሌላ ድንቅነሽ ከየት ይመጣል? ቅርጹን ለማየት ቅጂው ይበቃል። በነገራችን ላይ በዓለም ላይ ያሉ ትላልቅ ሙዚየሞችም እንደዚሁ ነው የሚያደርጉት።

«ቅሪተ አካል» ስንል አጥንት ማለታችን ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አጥንት አይደለም። ሀዳር ያኔ እንደዛሬው ደረቅ በረሃ አልነበረም። ሐይቅ ነበር፣ ወንዝ ነበር፣ ዛፍ ነበር። የሞተ እንስሳ ጅብ ሳይደርስበት በጭቃና በደለል ቶሎ ከተሸፈነ፣ በውሃው ውስጥ የሟሙት ማዕድናት ቀስ እያሉ አጥንቱ ውስጥ ይገባሉ። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ቅርጹ የአጥንት ነው፣ ክብደቱ የድንጋይ።

ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። እሑድ ቀን። ልብ በሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ስልሳዎቹ በተረሸኑ ማግስት ማለት ነው። አገሩ በድንጋጤ ደርቆ ባለበት ቀን ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ አፋር ውስጥ ሀዳር በሚባል ቦታ ፀሐይ እየመታቸው መሬት መሬት እያዩ ይሄዱ ነበር። ጆሃንሰን ተዳፋቱ ላይ አንዲት የክንድ አጥንት ስብርባሪ አየ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አፈሩን ለሳምንታት በወንፊት አበጥረው በመቶ የሚቆጠሩ ስብርባሪዎች ሰበሰቡ። የእጅና የእግር ጣት ጥቃቅን አጥንቶች ካልተቆጠሩ ከአንድ ሰውነት 40 በመቶ ገደማ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ አንድም አጥንት አለመደገሙ ነው፣ ሁለት ግራ ክንድ የለም፣ ሁለት ቀኝ መንጋጋ የለም። ስለዚህ አንድ አካል ነች።

ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። የእህቴ ልጅ ይበልጣታል፣ ይህን ሲያውቅ ደረቱን ነፋ። ግን ልጅ አልነበረችም። መጨረሻ ላይ የሚበቅለው የመንጋጋ ጥርስ ወጥቶላታል። ዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራሉ። ቆማችሁ እግራችሁን ተመልከቱ፣ የጭን አጥንታችን ከዳሌ ተነስቶ ወደ ውስጥ ዘመም ብሎ ነው ጉልበት ላይ የሚደርሰው። በአንድ እግራችን ስንቆም ሳንወድቅ የምንቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ቺምፓንዚ ይህ ዝንባሌ የለውም፣ ሁለት እግሩ ላይ ሲሄድ እንደ ሰካራም የሚወላገደው ለዚህ ነው። ድንቅነሽ ግን አላት። ስለዚህ ቆማ ትሄድ ነበር። አንጎሏ ደግሞ ከቺምፓንዚ ብዙም የማይበልጥ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ብልጠት ሳይሆን እግር ነው ማለት ነው፣ ከዚያ በፊት ብዙ ምሁራን ተቃራኒውን ነበር የሚገምቱት።

ዕድሜዋንስ የነገረን አጥንቷ ነው?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አጥንቷ ስለ ዕድሜዋ በቀጥታ የተናገረው ነገር የለም። የተናገረው አመድ ነው።

«በካርቦን ይለካል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ካርቦን ልክ ነው፣ ግን ለቅርብ ጊዜ ነገር። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ ካርቦን-14 የሚባል ዓይነት ካርቦን ይይዛል፣ ከሞተ በኋላ ይህ ካርቦን በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ነው «ግማሽ ዕድሜ» የሚሉት። መቶ የነበረው ሃምሳ፣ ከዚያ ሃያ አምስት፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ተኩል። 50,000 ዓመት አካባቢ ሲደርስ የሚለካ ነገር አይተርፍም። ድንቅነሽን በካርቦን መለካት ከዓድዋ ጦርነት የተረፈ ሰው ፈልጎ ስለ ንግሥተ ሳባ እንደመጠየቅ ነው። አልደረሰባትማ።

ስለዚህ አጥንቱን ትተው መሬቱን ጠየቁት።

አፋር የስምጥ ሸለቆ አገር ነው። መሬቱ እየተሰነጠቀ ያለበት ቦታ ስለሆነ እሳተ ገሞራ ብርቁ አይደለም፣ ኤርታሌ እስከዛሬ ይንተከተካል። ያኔም እሳተ ገሞራ በፈነዳ ቁጥር አመዱ በሐይቁና በወንዙ ዳር ላይ ይወርድ ነበር። ከላዩ ላይ ደለል ይመጣል፣ ደግሞ አመድ፣ ደግሞ ደለል። የተደራረበ እንጀራ አስቡ። መሶብ ውስጥ ከታች ያለው መጀመሪያ የወጣው ነው፣ ከላይ ያለው መጨረሻ የወጣው። መሀል ላይ አንድ ነገር ተቀብሮ ብታገኙ፣ ከበታቹ ካለው እንጀራ በኋላ፣ ከበላዩ ካለው በፊት እንደገባ ታውቃላችሁ። አመዱን መለካት ከቻልክ የአጥንቱን ዕድሜ ከላይና ከታች ያዝከው ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ መሬቱ ተነሳ፣ ዝናብና ጎርፍ ሸረሸረው፣ የተደራረበው ሁሉ በጎን በኩል ተገልጦ ታየ። አፋር ይህን ያህል ቅሪተ አካል የሚሰጠው ሦስቱ ነገሮች ስለተገጣጠሙለት ነው። ሐይቁ ቀበረ፣ እሳተ ገሞራው ቀን ጻፈበት፣ ጎርፉ ገለጠው። አንዱ ቢጎድል ድንቅነሽ ብትኖርም አናገኛትም፣ ብናገኛትም ዕድሜዋን አናውቅም ነበር።

አመድ እንዴት ሰዓት ይሆናል?

አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው። ቧንቧው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከሥሩ ጀሪካን ታስቀምጣላችሁ። ጠዋት ጀሪካኑን ሙሉ ለሙሉ ደፍታችሁ፣ አስቀምጣችሁ ወጣችሁ እንበል። ማታ ስትመለሱ አምስት ሊትር አለበት። ቧንቧው በሰዓት ግማሽ ሊትር እንደሚያንጠባጥብ ካወቃችሁ፣ ጀሪካኑ ከተደፋ አሥር ሰዓት ሆኖታል። ሰዓት ማየት አያስፈልግም። ማወቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ብቻ ነው። ስንት ውሃ አለ? በምን ፍጥነት ይንጠባጠባል? መጀመሪያ ላይ ባዶ ነበር ወይ?

አሁን ወደ አመዱ እንመለስ። በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ፖታሲየም ያለባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ፖታሲየም እንግዳ ነገር አይደለም፣ ሙዝ ውስጥም አለ። ከ10,000 የፖታሲየም አቶሞች አንዱ ገደማ ግን ፖታሲየም-40 የሚባለው ነው። ይህ አቶም እረፍት የለውም፣ ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። አብዛኛው ካልሲየም ይሆናል፣ ከመቶ አሥራ አንዱ ገደማ ደግሞ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ያንጠባጥባል ያልኩት ይህን ነው።

ጀሪካኑን የሚደፋው ማነው? እሳተ ገሞራው። ድንጋዩ በሺህ ዲግሪ ሲቀልጥ አርጎን ጋዝ ስለሆነ በኖ ይሄዳል። ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይቆለፋል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሚፈጠረው አርጎን በሙሉ መውጫ አጥቶ እዚያው ይጠራቀማል። ሚሊዮን ዓመት ቆይተን ክሪስታሏን በሌዘር ብናቀልጣትና የወጣውን አርጎን ብንለካ፣ ያ እሳተ ገሞራ መቼ እንደፈነዳ አወቅን።

የፖታሲየም-40 ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። እጅግ ሰነፍ ቧንቧ ነው። በድንቅነሽ ዘመን የተዘጋች አንዲት ክሪስታል ብትወስዱ፣ በውስጧ ከነበሩ 10,000 የፖታሲየም-40 አቶሞች እስከዛሬ የተለወጡት 18 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከ18ቱ አርጎን የሆኑት ሁለት ገደማ። ከአሥር ሺህ ሁለት! እነዚህን ሁለቱን ሳይስቱ የሚቆጥር መሣሪያ መሥራት ነበር ትልቁ ሥራ። መሣሪያው እየረቀቀ ስለመጣ ነው ቁጥሩም የጠራው። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ 3.5 ሚሊዮን ተብለን ነው የተማርነው፣ አሁን 3.2 ይባላል። አንዳንድ ሰው «አየህ፣ ራሳቸውም አያውቁትም» ይላል። እ.ኤ.አ. 1994 የወጣው ልኬት ሀዳር ላይ ድንቅነሽ አጠገብ ያለው የአመድ ንጣፍ 3.18 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነው አሳየ፣ የስህተቱ መጠን ደግሞ አሥር ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ወይም ወዲያ ነው። በኪሎ የሚመዝን የሥጋ ቤት ሚዛንና በግራም የሚመዝን የወርቅ ቤት ሚዛን አንድ ዕቃ ላይ ትንሽ የተለያየ ቁጥር ቢሰጡ ዕቃው የለም አንልም።

ቢሳሳቱስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ባይጀምርስ? አንድ ሰው ቀድሞ ውሃ ጨምሮበት ቢሆንስ? በአመድም ይህ ያጋጥማል። ጎርፍ ከሌላ፣ በጣም ካረጀ ድንጋይ ላይ ክሪስታል አምጥቶ አመዱ ውስጥ ሊቀላቅል ይችላል። ሁሉንም አንድ ላይ አፍሶ መለካት ጤፍን ሳይነፉና ሳይለቅሙ ማስፈጨት ነው፣ እንክርዳዱ አብሮ ይገባል። ስለዚህ አሁን የሚለካው አንድ በአንድ ነው። አንዷን ክሪስታል፣ ቀጥሎ ሌላዋን። ሃያዎቹ 3.18 ብለው አንዷ ብቻ 10 ሚሊዮን ብትል እንክርዳዷ ማን እንደሆነች ይታወቃል።

ሌላ ምስክርም አለ። የምድር ማግኔት በረጅም ዘመን ውስጥ ሰሜኑና ደቡቡ ቦታ ይቀያየራሉ፣ የመጨረሻው ትልቅ ቅያሬ 780 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ደለልና ላቫ ሲረጋ በጊዜው የነበረውን አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። ይህ ከአመዱ ቁጥር ጋር መግጠም አለበት።

ሦስተኛው ምስክር ደግሞ ያስቃችኋል፣ አሳማ ነው። የዱር አሳማ ጥርስ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቅርጹ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። በኦሞ ሸለቆ የተገኙ የአሳማ ጥርሶች በቅደም ተከተል ተቀምጠው ዕድሜያቸው በአመድ ታውቋል። ሌላ ቦታ አንድ ዓይነት ጥርስ ከተገኘ በየትኛው ዘመን አካባቢ እንደሆንክ ታውቃለህ። አሳማና ማግኔት ተመካክረው አይዋሹም።

የመጀመሪያዋ ሰው ናት ማለት ነው?

አይደለችም፣ ይህን ቶሎ ልለፈው። የድንቅነሽ ዝርያ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ይባላል፣ የኛ ዓይነት ሰው አይደለም። በዕድሜም የምትበልጣት አለች። እዚያው አፋር ውስጥ አራሚስ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ደግሞ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚባለውን ሳይንሱ አላለም። ያለው ሰውና ቺምፓንዚ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው፣ ማለትም የአጎት ልጆች ናቸው። የአጎትህ ልጅ አባትህ አይደለም።

ሰላምን ደግሞ «የሉሲ ልጅ» ይሏታል። በዲኪካ እ.ኤ.አ. 2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው ሕፃን ስትሞት ሦስት ዓመት አካባቢ ነበረች። ልጇ ግን ልትሆን አትችልም። አመዱን ጠይቁት፣ ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ከ«እናቷ» በመቶ ሺህ ዓመት ትቀድማለች።

ሰማይ ላይ ያለችው ድንቅነሽስ ማን ናት?

የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው አላመነኝም። ሰማይ ላይ ድንቅነሽ የሚባል ድንጋይ አለ። እውነት ነው።

ናሳ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2021 አንዲት መንኮራኩር አመጠቀ። ስሟ ሉሲ ነው። አጥንቷ የተገኘች ዕለት ማታ ሀዳር ካምፕ ውስጥ ሉሲ የሚል ስም ያለበት የቢትልስ ዘፈን በቴፕ እየተጫወተ ስም ወጣላት፣ መንኮራኩሯ ደግሞ ስሟን ከአጥንቷ ወሰደች። ለምን ቢባል ሥራቸው አንድ ስለሆነ ነው።

ቤት ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ቤቱ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሰው ከገባበት በኋላ ግድግዳው ውስጥ ምን ዓይነት ጠጠር እንደገባ ማየት አይቻልም። ግቢው ጥግ ላይ ግን ከግንባታ የተረፈ አሸዋና ጠጠር ተከምሮ ይቀራል። ግድግዳውን ሳታፈርስ ቤቱ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ከፈለግህ ያን ክምር እይ። ምድራችን የተለሰነ ቤት ናት። ቀልጣለች፣ ቀዝቅዛለች፣ ተገላብጣለች፣ የመጀመሪያው ጠጠሯ የለም። አስትሮይዶች ከፕላኔቶች ግንባታ የተረፈው ክምር ናቸው፣ የሥርዓተ ፀሐይ ቅሪተ አካል በሏቸው።

ሉሲ የምትሄደው ወደ ትሮጃን አስትሮይዶች ነው። እነዚህ ጁፒተር ፀሐይን በሚዞርበት መንገድ ላይ፣ አንዱ መንጋ ከፊቱ አንዱ ከኋላው ሆነው አብረውት የሚዞሩ ናቸው። የባለሥልጣን መኪና ሲያልፍ ከፊትና ከኋላ የሚሄደውን አጀብ አስቡ። የፀሐይና የጁፒተር ስበት እዚያ ቦታ ላይ ስለሚመጣጠን ማንም ሳይነካቸው ብዙ ቢሊዮን ዓመት ቆይተዋል ተብሎ ይታመናል። ከሉሲ በፊት ቅርባቸው ድረስ ሄዶ እንዲያያቸው የተላከ አልነበረም።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ በመሀል መለማመጃ አስፈለገ። መንኮራኩሯ በፍጥነት እያለፈች ካሜራዋን አንድ ነገር ላይ ሳታነሳ ማቆየት ትችላለች ወይ? ለዚህ መፈተኛ እ.ኤ.አ. 1999 የተገኘ፣ ከቁጥር በቀር ስም የሌለው አንድ ትንሽ አስትሮይድ ተመረጠ። ስም ሲወጣለት ድንቅነሽ ተባለ። በሰፊው ጎኑ 790 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአራት ኪሎ አምስት ኪሎ በእግር የምትሄዷትን ያህል።

ኖቬምበር 1 ቀን 2023 ሉሲ በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈችው። ፍጥነቷ በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ነበር፣ በዚያ ፍጥነት አዲስ አበባ ደሴ የደቂቃ ተኩል መንገድ ነው። ምስሉ ሲመጣ ሳይንቲስቶቹ ያልጠበቁትን አዩ። ድንቅነሽ ብቻዋን አይደለችም። ትንሽ ጨረቃ ትዞራታለች። ሌላ ምስል ከሌላ አቅጣጫ ሲደርስ ደግሞ ጨረቃዋ ራሷ ሁለት ሆና ተገኘች፣ እያንዳንዳቸው ከ200 ሜትር ትንሽ የሚበልጡ ሁለት ድንጋዮች ተጣብቀው። ሁለት የተጣበቁ ድንጋዮች ሌላ አስትሮይድ ሲዞሩ ሲታይ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ጨረቃዋን ሰላም አሏት።

እንግዲህ ምድር ላይ ሰላም ድንቅነሽን በመቶ ሺህ ዓመት ትቀድማታለች፣ ሰማይ ላይ ግን እንደ ልጅ ዙሪያዋን ትዞራለች።

እዚያስ አመድ የለም፣ ዕድሜያቸው በምን ይታወቃል?

ሉሲ አትቆምም፣ አታርፍም፣ ድንጋይ ቆንጥራ አታመጣም። እያለፈች ታያለች ብቻ። ስለዚህ የሚቆጠረው ጠባሳ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው ያውቀዋል። በረዶ በመታ ቁጥር ቆርቆሮው ትንሽ ትንሽ ይሰረጉዳል። አዲስ ቆርቆሮ ለጥ ያለ ነው፣ የቆየው ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። አስትሮይድም እንደዚሁ በትናንሽ ድንጋዮች ይደበደባል። ብዙ ጉድጓድ ያለው ፊት የቆየ ነው፣ ጥቂት ያለው በቅርቡ የተገለጠ።

ግን «የቆየ» ማለት ስንት ዓመት ነው? ጉድጓዱን ወደ ዓመት ለመመንዘር የታወቀ ምሳሌ ያስፈልጋል። ምሳሌው ጨረቃ ነው። የአፖሎ ተጓዦች ከተለያዩ ቦታዎች ያመጡት ድንጋይ ቤተ ሙከራ ገብቶ ተለካ፣ ከዚያ ድንጋዩ የመጣበት ቦታ ስንት ጉድጓድ እንዳለው ተቆጠረ። ድንጋዩ በምን ተለካ? ከሰዓቶቹ አንዱ ያው የፖታሲየምና የአርጎኑ ጀሪካን ነው። የአፋርን አመድ የቆጠረው ሰዓት ጨረቃንም ቆጥሯል ማለት ነው። እኔ ሳነብ በጣም የገረመኝ ይህ ነው።

ከሰማይ ራሱ መጥቶ የሚወድቅም አለ። እ.ኤ.አ. 1969 ሜክሲኮ ውስጥ አየንዴ በሚባል ቦታ ድንጋይ ዘነበ። ውስጡ ነጫጭ ጠብታ የመሰሉ ነገሮች አሉት። እነሱ ሲለኩ 4.567 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኑ፣ ከሥርዓተ ፀሐይ ጠጣር ነገር ሁሉ ቀድመው የረጉት እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው። ይህን የለካው ሌላ ቧንቧ ነው፣ ዩራኒየም ቀስ ብሎ ወደ እርሳስ ሲለወጥ። የምንጽፍበት እርሳስ ሳይሆን ብረቱ።

ሉሲ ኤፕሪል 20 ቀን 2025 ሁለተኛውን አስትሮይድ አልፋለች። ስሙ ዶናልድጆሃንሰን ነው፣ አዎ፣ በአጥንቷ አግኚ ስም። መሀሉ ቀጠን ያለ እንደ ለውዝ ያለ ነገር ነው፣ ርዝመቱ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ይገመታል። ለአስትሮይድ ጨቅላ ነው፣ ትልልቆች ተጋጭተው ሲሰባበሩ የተፈጠረ ቁራጭ ስለሆነ። ወደ ትሮጃኖቹ የምትደርሰው እ.ኤ.አ. 2027 ነው፣ የመጨረሻዎቹን ጥንዶች የምታየው ደግሞ 2033።

ይህን ሁሉ የት ሄዶ ማየት ይቻላል?

አዲስ አበባ ያላችሁ አምስት ኪሎ ሂዱ። ስትሄዱ ድንቅነሽ ላይ ብቻ አትቁሙ። አጠገቧ ያሉትን የአሳማና የዝሆን ቅሪቶች እዩ፣ ሁሉም ሰው የሚያልፋቸው እነሱን ነው፣ ምስክሮቹ ግን እነሱ ናቸው። አርዲም አለች። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ድንቅነሽ አጠገብ አቁሙትና ቁመቱን ያስተያይ።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የስሚዝሶንያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው። የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሹ ውስጥ ሥጋና ቆዳ ተሰጥቶት በአርቲስት እጅ የተሠራ የድንቅነሽ ዝርያ ምስል አለ። የሰማይ ድንጋዮቹም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ናቸው። ሜዳውን ተሻግራችሁ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ስትገቡ የጨረቃ ድንጋይ አለ፣ አፖሎ 17 ያመጣው፣ ዕድሜው 4 ቢሊዮን ዓመት የተጠጋ። በጣት መንካት ይፈቀዳል። ከብዙ ሰው እጅ የተነሳ እንደ መስታወት ለስልሷል። እዚያ ግን ቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፣ እሱም ቢሆን በነፃ ነው።

ልጁ ግን አንድ ጥያቄ ቀረው። «መንኮራኩሯ ስትጨርስ ወዴት ትሄዳለች?»

የትም። አትመለስም። በምድር ምህዋርና በትሮጃኖቹ መካከል ቢያንስ ለመቶ ሺዎች ዓመታት ስትመላለስ ትኖራለች። አካሏ ላይ አንዲት ሰሌዳ ተለጥፋለች። ምናልባት ከኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ቢያገኛት ብለው ነው። ሰሌዳዋ ላይ ከተጻፉት መልእክቶች ጋር የፕላኔቶቹ ሥዕል አለ፣ በኦክቶበር 16 ቀን 2021 እያንዳንዳቸው የት የት እንደነበሩ። የኛን ቀን መቁጠሪያ የማያውቅ ሰው እንኳ ፕላኔቶቹን ወደ ኋላ እየመለሰ ቢያሰላ መቼ እንደተነሳች ይደርስበታል።

«እሱም ይቆጥራታል ማለት ነው?» አለኝ።

አዎ አልኩት፣ ይቆጥራታል።